ጭራዋ የማን ናት?

(ሰቆጣ ገበያ። የኔሰውና እታገኝ ጎን ለጎን ማር ይሸጣሉ። የኔሰው ስልኩ ላይ የሰማውን ሁሉ ለሰው ካላስተማረ እንቅልፍ አይወስደውም። ዛሬ ግን ጭንቅ ላይ ነው፤ ከደሴ የሚመጣው ነጋዴ ክብና ጭራ ምልክት ያለበትን ማር ብቻ ነው የምወስድ ብሏል። ምልክቱ ደግሞ በየኔሰው አዲስ ታፔላ ላይም፣ በእታገኝ ባልዲዎች ላይም አለ።)

የኔሰው፦ (እርጥብ ጨርቅ እየዘረጋ) እንቺ! ነጋዴው ሳይደርስ ጥረጊው አልኩሽ!

እታገኝ፦ ማሩን?

የኔሰው፦ ምልክቱን! የእኔ ነው። ሕንድ አገር ብትሆኚ ኖሮ ይሄኔ ፍርድ ቤት ቆመሽ ነበር።

እታገኝ፦ እኔ እንኳን ሕንድ እዚህ አጠገባችን ጽጽቃም ሄጄ አላውቅ። ምን አጠፋሁ?

የኔሰው፦ ስሚ። ሁለት የሕንድ ዘይት ኩባንያዎች ቆርቆሯቸው ላይ ዝሆን ይስላሉ። «የእኔ ነው፣ የእኔ ነው» ተባብለው ተካሰሱ።

እታገኝ፦ ኧረግ! የዝሆን ዘይት ይበላሉ?

የኔሰው፦ የሰሊጥ ነው!

እታገኝ፦ ታዲያ ዝሆኑ ምን ሊሠራ ገባ?

የኔሰው፦ ሥዕል ነው! ሰው ዘይቱን የሚለይበት!

እታገኝ፦ ቀምሶ አይለይም?

የኔሰው፦ (ወደ ሰማይ እያየ) ፈጣሪዬ ትዕግሥቱን ስጠኝ! ዳኛው ሁለቱንም ቆርቆሮ አስቀርበው ቢያዩ፣ የመጀመሪያው ዝሆን አንድ ጥርስ ብቻ ነው ያለው። ሰዓሊው ሌላውን ረስቶት።

እታገኝ፦ ምስኪን! በምኑ ሊያኝክ?

የኔሰው፦ የሁለተኛውም ዝሆን አንድ ጥርስ! ያኔ ዳኛው «ስሕተቱን ጭምር የቀዳ የሰው ወስዷል። ሥዕሉ ቀድሞ ለሠራበት ይሁን፤ ሌላው ያጥፋ!» አሉ።

እታገኝ፦ ይሄ ፍርድ ሰቆጣም ይሠራል?

የኔሰው፦ ሕግ የትም ሕግ ነው!

እታገኝ፦ ደግ። አንተ ምልክቱን ከየት አመጣኸው፣ አያ የኔሰው?

የኔሰው፦ ከጭንቅላቴ! ክቡ ቀፎ ነው። ይቺ የተንጋደደች ጭራ ደግሞ... ንቧ አበባ ፍለጋ የምትሄድበት መንገድ። እንዴት ተጨንቄባታለሁ መሰለሽ!

እታገኝ፦ ጋዝጊብላ ገበያ ከገዛኸው አሮጌ ቀፎ ክዳን ላይ አይደለም?

የኔሰው፦ (እያመነታ) ክዳኑ... ትንሽ ሐሳብ ሰጥቶኝ ይሆናል።

እታገኝ፦ የሸጠልህ አባቴ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ቀፎውን የሚያውቀው ክዳኑ ላይ በፋቀው ምልክት ነው። የአባቴ ድሮ ክብ ብቻ ነበረች።

የኔሰው፦ ጭራዋስ?

እታገኝ፦ ሲፍቅ ንብ ዓይኑ ሥር ነደፈችው፤ ቢላዋው ሸተት አለ። እናቴ ስትስቅበት እልህ ያዘውና «ሆን ብዬ ነው!» ብሎ፣ ከዚያ ወዲህ ቀፎው ሁሉ ላይ ጭራ ቀጠለበት።

የኔሰው፦ (ታፔላውን በጀርባው ይከልላል)

እታገኝ፦ ጥርሱ የጎደለው ዝሆን ይሄው ተገኘ!

የኔሰው፦ እታገኝዬ... ያ እኮ የሕንድ ፍርድ ቤት ነው! እኛን ምን አገባን?

(የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። የነጋዴው መኪና ነው።)

እታገኝ፦ (ጨርቁን መልሳ እየሰጠችው) እንካ፣ ቶሎ በል። ክቡን ጥረገው። ጭራዋን ግን ተዋት፤ ወደ እኔ ባልዲ ዞራለች፣ ነጋዴው መንገድ እንዳይጠፋበት።