አሥራ ሁለተኛዋን ተጫዋች ለመቀነስ የተደረገ ስብሰባ

የገብስ ሜዳ ኮሌጅ የሴቶች እግር ኳስ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ረቡዕ፣ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቦታ፦ ቀየት፣ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት። አዳራሹ የዘር ገብስ ስለተከመረበት ኮሚቴው በመዝገበ ቃላት መደርደሪያው ሥር ተቀምጧል።

ሰዓት፦ ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ፣ ጉሙ ከባድ ስለነበረና አባላት ግቢው ውስጥ ስለተጠፋፉ፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ።

የተገኙ አባላት፦
1. ዶ/ር ኪዳነ ወልድ፦ የኮሌጁ ዲንና የሒሳብ መምህር፣ ሰብሳቢ
2. አቶ ገሠሠ፦ አሠልጣኝ
3. ወ/ሮ አዛለች፦ የወጥ ቤት ኃላፊ
4. አቶ ፈንታ፦ የአገር ሽማግሌ፣ የጓሳ ጥበቃ ማኅበር አባል፣ የሕዝብ ተወካይ
5. አቶ ጀላሉ፦ ነጋዴ፣ ማልያ ሰጪ፣ የደጋፊዎች ተወካይ
6. ተማሪ ጌታነሽ፦ የቡድኑ አምበል
7. ስንታየሁ፦ የሬጅስትራር ሠራተኛ፣ ጸሐፊ (እጁን ያወጣው መስኮት ለመዝጋት ሲሆን፣ ፈቃደኛ ነው ተብሎ ተመርጧል)

ምልዓተ ጉባኤ፦ በደንቡ መሠረት ከአባላት ሁለት ሦስተኛው መገኘት አለበት። የኮሚቴው አባላት በጠቅላላ ስንት እንደሆኑ የሚያውቅ ስላልተገኘ፣ ከዚህ በላይ ወንበር የለም በሚል ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ተባለ።

አጀንዳ አንድ፦ ስለ መጣው መመሪያ

ሰብሳቢው የውድድሩ ጽሕፈት ቤት ያወጣውን አዲስ መመሪያ አነበቡ። ከዘንድሮ ጀምሮ አንድ ኮሌጅ በስፖርት ነፃ የትምህርት ዕድል፣ ማለትም ያለ ክፍያ እያበላና እያስተኛ፣ ሊያስተምር የሚችለው አሥራ አንድ ተጫዋች ብቻ ነው። የእኛ አሥራ ሁለት ናቸው። አቶ ፈንታ አንዷ እግሯ ቢሰበር ማን ይገባል ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው መመሪያው ስለ መሰበር ምንም አይልም ብለው መለሱ። አቶ ፈንታም እንግዲያው መሰበር ክልክል ነው ማለት ነው፣ ይመዝገብልኝ አሉ። ተመዝግቧል።

ወ/ሮ አዛለች መመሪያ ከሆነ አንዷ ትቀነስ ብለው፣ አሠልጣኙ አሥራ ሁለት ተጫዋች ለምን እንደሰበሰቡ እንዲያስረዱ ጠየቁ። አሠልጣኝ ገሠሠ ቡድናቸው ቡድን ሳይሆን መናኸሪያ መሆኑን በምሬት ገለጹ። ከአምናዎቹ አራቱ ተመርቀዋል፤ ሦስቱን ደግሞ አንድ የቆላ ኮሌጅ ፀሐይና ማንጎ አሳይቶ ወስዷቸዋል። እሳቸው አስተምረው ባወጡ ቁጥር ጎል የሚገባው ለሌላ ነው። በየዓመቱ እስከ ኅዳር ቢያንስ አንዷ ስለምትኮበልል፣ ዘንድሮ አስቀድመው መጠባበቂያ ትሆን ዘንድ ኢልሀም የምትባል አጥቂ ከቆላ አስመጡ። ዘንድሮ ግን ማንም አልኮበለለችም። አሠልጣኙ ይህን የተናገሩት እንደ ክስ ነበር።

ወ/ሮ አዛለች፦ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አሉ።

አሠልጣኙ ድስቱ የወ/ሮ አዛለች እንጂ የእሳቸው አለመሆኑን አስታወሱ። ወ/ሮ አዛለች ስለ ድስታቸው አሠልጣኙ ባይናገሩ እንደሚመርጡ ገለጹ። ሰብሳቢው ድስቱ ከአጀንዳው እንዲወጣ አዘዙ።

አሠልጣኙ መቀነስ የሚሻለው የሦስተኛ ዓመቷን ግብ ጠባቂ እፀገነትን ነው፣ በሰኔ ስለምትመረቅ ለቡድኑ የቀራት ዕድሜ አጭር ነው፣ ሌላም ግብ ጠባቂ አለን የሚል ሐሳብ አቀረቡ። አምበሏ ጌታነሽ ተነሥታ መለሰች፦

«ጋሼ ገሠሠ፣ አገሯ ራቤል ነው፤ የአባቷን ገብስ ዘንድሮ ውርጭ መትቶታል። እንጀራዋንና አልጋዋን ከነሳናት ነገ አገሯ ትገባለች። በሰኔ መምህርት የምትሆን ልጅ በኅዳር ትቅር?»

ጸሐፊው እፀገነትን ያውቃታል፤ የምዝገባ ቅጽ ስትሞላ እንኳ ከኋላዋ ለተሰለፉት እስክሪብቶዋን አውሳ በመጨረሻ የምትወጣ ልጅ ናት። በዚህ ስፍራ ጸሐፊው አዝኗል። ኀዘን በቃለ ጉባኤ እንደማይገባ ሰብሳቢው ስለነገሩት ይሰርዝ ዘንድ ቃል ገብቶ አልሰረዘም።

ከረጅም ውይይት በኋላ መመሪያው ስለሚያስገድድ አንዷ እንድትቀነስ፣ ሆኖም ማንም እንዳትሄድ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ ሁለት፦ ቡድኑን እንደ ጓሳ ስለ መዝጋት

አቶ ፈንታ፣ የተማረ ሰው ነገር ያወሳስባል እንጂ አያቶቻቸው መፍትሔውን ከጨረሱት ቆይተዋል አሉ። ጓሳ፣ ማለትም የአገሩ የጋራ የሣር ምድር፣ ሲዘጋ ማንም በግ አያስገባም፣ ማንም ሣር አያጭድም፤ ዓመታት ቆይቶ ሣሩ ሲበስል በደንብ ይከፈታል። ቡድኑም ለሦስት ዓመት ይዘጋ፤ የሚገባም የሚወጣም አይኑር፤ መናኸሪያው ላይ ጠባቂ ይቁም። በዚህም የአሠልጣኙ ችግር ከሥሩ ይነቀላል።

አሠልጣኙ ሐሳቡን በጣም ወደዱት። አቶ ጀላሉ ግን አንድ ጥያቄ አነሡ። ጓሳ በተዘጋበት ጊዜ ገብቶ የተገኘ የባዕድ ከብት ይያዛል። ኢልሀም የእህታቸው ልጅ ናት፤ ከቆላ የመጣችው ደግሞ በቅርቡ ነው። በደንቡ መሠረት ምን ልትሆን ነው? አቶ ፈንታ በደንቡ መሠረት መያዝ እንዳለባት፣ ነገር ግን አሁንም የተያዘችው እዚሁ ኮሌጅ ስለሆነ ለውጥ እንደማይኖረው አስረዱ። አቶ ጀላሉ ይህን ለእናቷ ማን እንደሚያስረዳ ጠየቁ።

ጸሐፊው የመናገር መብት ባይኖረውም፣ ለሦስት ዓመት የሚወጣ ከሌለ የሚመረቅም እንደማይኖርና ሬጅስትራር ዲፕሎማ መስጠት እንደሚከለከል አሳሰበ። ሰብሳቢው አቶ ፈንታን፣ ሣር ይመረቃል ወይ ሲሉ ጠየቁ። አቶ ፈንታ ሣር እንደማይመረቅ፣ ጓሳን ከኮሌጅ የሚያስበልጠውም ይኸው መሆኑን መለሱ። አምበሏ ደግሞ ጓሳ በሚከፈትበት ቀን አገሩ ሁሉ ማጭድ ይዞ እንደሚገባ አስታውሳ፣ በሦስተኛው ዓመት የቆላ ኮሌጆች በሙሉ በአንድ ቀን ይመጡብናል አለች። አሠልጣኙ ሐሳቡን መውደዳቸው እንዲሰረዝ ጠየቁ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ቡድኑ ተዘግቶ በሩ ግን ክፍት እንዲሆን ተወሰነ።

አጀንዳ ሦስት፦ ከጾም ስለሚተርፈው ቁርስ

ሰብሳቢው እስካሁን ኮሚቴው ያለ ሒሳብ ሲመራ መቆየቱን ገልጸው ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመሩ። ጾመኛ ተጫዋች ረቡዕና ዓርብ ቁርስ አትበላም። በነቢያትና በዐቢይ ጾም ደግሞ ከዚያም በላይ ይተርፋል። ይህ ያልተበላ ቁርስ ሁሉ ቢደመር አንዲት ሙሉ ተጫዋች ይወጣዋል። ስለዚህ እፀገነት ከአሥራ አንዱ ኮታ ሳትነካ፣ ከጾም በተገኘ ቁርስ ብቻ ልትማር ትችላለች። ሰብሳቢው ጠመኔውን አስቀምጠው እጃቸውን አራገፉ። አምበሏ አጨበጨበች።

አቶ ፈንታ በበዓለ ሃምሳ ምን ትበላለች ሲሉ ጠየቁ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ጾም የለም፤ ጾም ከሌለ የሚተርፍ ቁርስ የለም፤ ቁርስ ካልተረፈ እፀገነት አገር ሁሉ በሚገድፍበት ወራት ብቻዋን ልትጾም ነው። በበዓለ ሃምሳ መጾም ደግሞ ክልክል ነው። ሰብሳቢው ጠመኔውን መልሰው አነሡ።

አቶ ጀላሉ ኢልሀምና ሁለት ጓደኞቿ በረመዳን የማይበሉትን ቁርስና ምሳ ለዚህ ጉድለት በደስታ እንደሚያበረክቱ ተናገሩ። ኮሚቴው አመሰገነ። ሆኖም ሰብሳቢው የቀን መቁጠሪያ ሲያዩ ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተከታትለው በአንድ ሳምንት የሚገቡ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ እፀገነት በየካቲት የሦስት ሰው ትበላለች፣ በሚያዝያ ምንም አትበላም። አሠልጣኙ ይህ ለግብ ጠባቂ የሚመከር አመጋገብ አይደለም አሉ።

አምበሏ ቡድኗን ለማስመስገን ብላ አንድ ነገር ጨመረች። «እኛ እኮ ስንጾም እንበረታለን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የቁርሱንም የምሳውንም ባንድ ላይ ነው የምንጨርሰው፤ እትዬ አዛለች ምስክሬ ናቸው።»

ወ/ሮ አዛለች ምስክር መሆናቸውን በከፍተኛ ድምፅ አረጋገጡ። ሰብሳቢው ሰሌዳውን አጠፉ። ረቡዕ በመሆኑ አብዛኛው የኮሚቴ አባል ራሱ እንዳልበላ፣ ስለ ምግብ መነጋገሩ እየከበደው መሆኑም በዚህ ስፍራ ይመዝገብ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ቁርሱ መኖሩ በሒሳብ፣ አለመኖሩ በወጥ ቤት ስለተረጋገጠ ሁለቱም እንዲጸድቁ ተወሰነ።

አጀንዳ አራት፦ ስለ ዕጣ

አሠልጣኙ የአባቶች ደንብ ካስፈለገ ዕጣ አለ አሉ። ተጫዋቾቹ ይጠሩ፤ እያንዳንዷ የራሷን ምልክት አቶ ፈንታ ባርኔጣ ውስጥ ትጣል፤ ምልክቶቹን ያላየ ሰው አንዱን ያውጣ፤ የወጣው የማን ነው ተብሎ ይጠየቅ፤ ባለቤቷ ትሰናበት። ከዕጣ ጋር የሚከራከር ስለሌለ ሁሉም ተስማማ። አምበሏ ብቻ አልተስማማችም፤ ግን የራሷን ምልክት ልታመጣ ወጣች።

አሥራ ሁለቱም ገብተው በመደርደሪያዎቹ መካከል ቆሙ። ምልክቶቹ ሲጣሉ አቶ ጀላሉ ፊታቸውን ወደ መዝገበ ቃላቱ አዙረው ነበር። ከዚያም እጃቸውን ሰድደው አንድ ቁራጭ ቡናማ የሱፍ ክር አወጡ።

የክሩን ባለቤት ያላወቀ አልነበረም። እፀገነት የግብ ጠባቂ ጓንቷን በገዛ እጇ የሠራችው ከመንዝ በግ ሱፍ ነው፤ ጓንቱም ቡናማ ነው፤ አውራ ጣቱም ተተርትሯል። ሰብሳቢው ግን ደንብ ደንብ ስለሆነ፣ ይህ የማን ነው ብለው ጠየቁ።

እፀገነት አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጥታ «የኔ ነው፣ ዶክተር» አለች። ጓንቷንም ከጀርባዋ ደበቀች።

ወዲያው ኢልሀም «የኔ ነው» አለች።

አሠልጣኙ ተማሪ ኢልሀም ቆላ ተወልዳ ያደገች መሆኗን፣ ሱፍ እንደሚያሳክካትም በልምምድ ወቅት በተደጋጋሚ ማመልከቷን አስታወሱ። ኢልሀም አሁን ለምዳዋለች ብላ መለሰች። በዚህ ጊዜ አምበሏ ክሩ የእርሷ መሆኑን ገለጸች። ተከላካይዋም የእርሷ መሆኑን ገለጸች። ሁለተኛዋ ግብ ጠባቂ የእርሷ መሆኑን ለመግለጽ ሰው ገፍታ መጣች። ቀጥሎ የተነገረውን ጸሐፊው በተናጠል መመዝገብ ስላልቻለ፣ ክሩ የአሥራ ሁለቱም ሆኖ ተመዝግቧል። ጸሐፊው ደስ ብሎታል፤ ይህንንም አይሰርዝም።

ሰብሳቢው የዕጣው ባለቤት ትሰናበታለች የሚለው ውሳኔ አስገዳጅ በመሆኑ፣ ባለቤቶቹ አሥራ ሁለት ስለሆኑ፣ ቡድኑ በሙሉ የተሰናበተ መሆኑን በኀዘን አስታወቁ። በመሆኑም ኮሌጁ አሥራ አንድ ነፃ የትምህርት ዕድልና ዜሮ ተጫዋች አለው። አሠልጣኙ ቅዳሜ ጨዋታ እንዳለ አስታወሱ። አቶ ጀላሉ ማልያዎቹን ለማን እንደሚያስረክቡ ጠየቁ። አቶ ፈንታ ባርኔጣቸው እንዲመለስላቸው ጠየቁ። አሠልጣኙ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ እያዩ ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣ ስምንት ዓመት ሲያሠለጥኑ አንዷ ለሌላዋ ስትቀር ያዩት ዛሬ ገና መሆኑን ተናግረው፣ ዓይናቸው ውስጥ አቧራ ገብቷል ብለው ወደ መስኮቱ ሄዱ።

በዚህ ጊዜ ከጠዋት ጀምሮ አንዷ ትቀነስ ሲሉ የቆዩት ወ/ሮ አዛለች ተነሡ።

«በቃ ተዉት። እኔ ለነዚህ ልጆች ሦስት ትሪ ነው የማቀርበው። ትሪውን ካስቀመጥኩ በኋላ ዙሪያውን ስንት እጅ እንደተዘረጋ አላይም፤ ፊቴን አዞራለሁ።»

አቶ ፈንታ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መሆኑን ጠቅሰው፣ ማዕድ ላይ የተቀመጠን ሰው መቁጠር በእሳቸው አገር ነውር ነው አሉ። ሰብሳቢው አልጋውስ ሲሉ ጠየቁ። አምበሏ በቀየት ብርድ ሁለት ሆኖ መተኛት ቅጣት ሳይሆን ዕድል መሆኑን፣ ከእፀገነት ጋር ለመተኛትም ከወዲሁ ተራ መያዙን አስረዳች። ሰብሳቢው ደግመው ሰሌዳው ላይ ሊጽፉ ጠመኔ ካነሡ በኋላ መልሰው አስቀመጡት።

ከአጭር ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅና በጭብጨባ ተወሰነ፦

በአጀንዳ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስትና አራት የተወሰነው ሁሉ፣ ዕጣውም ጭምር፣ እንዳልተወሰነ ይቆጠር፤ ተጫዋቾቹ ግን አይቆጠሩ። ለጽሕፈት ቤቱ መልስ ይጻፍ፤ መልሱም አጭር ይሁን።

ጉባኤው ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾመኞቹ ወደ ወጥ ቤት ሲሮጡ ተበተነ። ጸሐፊው ብቻውን ቀርቶ በታዘዘው መሠረት መልሱን እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«ኮሌጃችን በመመሪያው መሠረት በነፃ የሚያበላውና የሚያስተኛው አሥራ አንድ ተጫዋቾችን ብቻ ነው። አሥራ ሁለቱም ደኅና ናቸው።»