የኬጅሪፑር ስልሳ አንድ ሟች ባሎች ጉዳይ

ቀን፦ የሆሊ በዓል ባለፈ በሦስተኛው ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡00 ሰዓት (ሰው የመጣው 11፡10 ነው)።

ቦታ፦ ኬጅሪፑር መንደር፣ ከጉድጓዱ አጠገብ፣ የኒም ዛፉ ሥር።

የተገኙ፦ ሰብሳቢ ዳናላል፣ አባል ኦንካር፣ አባል ቺታር፣ እኔ ጸሐፊው ኬስሪማል። ሚስቶቻችንም ፊታቸውን ተሸፍነው የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እንደ ደንቡ አልተቆጠሩም።

አጀንዳ 1፦ ምልዓተ ጉባኤ

ጸሐፊው ከወረዳ የመጣውን የሕዝብ ቆጠራ ዝርዝር አነበበ። በዝርዝሩ መሠረት በመንደራችን ስልሳ አንድ መበለቶች ከነልጆቻቸው ይኖራሉ፤ ባል የሚባል የለም። የሆነው እንዲህ ነው። ቆጣሪው የመጣው እኛ ወንዶቹ ስንዴ አጨዳ ላይ ሳለን ነው። በየደጁ "ባልሽ ማን ይባላል?" ሲል፣ ሚስት የባሏን ስም ከጠራች የባል ዕድሜ ያጥራልና፣ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ሰውየውም አዝኖ "ሞቷል" ብሎ ጻፈ። እስከ ስልሳ አንደኛው ቤት እያዘነ ሄደ።

አባል ቺታር፣ አራታችንም በመዝገብ ሟች ስለሆንን ምልዓተ ጉባኤው አልተሟላም አሉ። አባል ኦንካር፣ ሟች ከሆኑ ታዲያ ምን ያስለፈልፍዎታል ሲሉ ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሟቾች ድምፅ እንዲሰጡ፣ ሻይ ግን በሕይወት ላለ ሰው ብቻ እንዲቀርብ ተወሰነ። ሻዩን ሴቶቹ ጠጡት።

አጀንዳ 2፦ የነገው እርማት

ቆጣሪው ነገ ጠዋት ይመለሳል። የቤቱ እመቤት በራሷ አፍ የባሏን ስም ካልነገረችኝ አላርምም ብሏል። ለኛ ይህ የወረቀት ጉዳይ ነው፤ ለሰብሳቢው ግን አይደለም። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል። ለሐሙስ የነጻ ቀዶ ሕክምና ተራ ደርሷቸው ሳለ፣ ሐኪሞቹ በመዝገብ የሞተ ሰው አንነካም ብለዋል። ባለቤታቸው ቡሪ ባይ ተጠይቀው "ሃምሳ ዓመት ያልጠራሁትን ስም ዛሬ ጠርቼ ልግደላቸው? ታውረውም ቢሆን ይኑሩልኝ፣ እኔ እመራቸዋለሁ" ብለው አለቀሱ።

አባል ኦንካር፣ እያንዳንዷ ሴት ጎረቤቷ ቤት ቁጭ ብላ የጎረቤቷን ባል ስም ትናገር ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። አባል ቺታር ዘግየት ብለው፣ በዚህ አሠራር ጎረቤታቸው ኦንካር የቺታር ሚስት የሆኑት የጌንዳ ባይ ባል ተብለው እንደሚመዘገቡ ደረሱበት። ኦንካር ይህን ችግር ከቶ አላየሁትም አሉ። የኦንካር ሚስት ግን አይተውት ኖሮ ጫማቸውን አውልቀው ወደ ባላቸው መጡ። ውሳኔው ወዲያው ተነሣ።

አባል ቺታር በበኩላቸው፣ ወንዶች እስከ ነገ እኩለ ቀን የውሸት ስም እንያዝ፣ የውሸት ስም ዕድሜ አያሳጥርም አሉ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሆኖም ኦንካር፣ ቺታርና ጸሐፊው ሦስታችንም ንጉሥ መባል ስለፈለግን ጭቅጭቅ ተነሣ። ከረጅም ውይይት በኋላ ንግሥናው በሰዓት እንዲከፋፈል ተወሰነ።

ሰብሳቢው በዚህ ጊዜ "ሐኪሙ ዘንድ ያለው ስም ዳናላል ነው። ንጉሡ ቢያይ ለኔ ምን ይረባኛል?" ብለው ተቆጥተው ተነሡ። ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መስሏቸው ወደ ጉድጓዱ አመሩ። የጉድጓዱ አፍ ክፍት ነው። እኛ ሰዓት ስንከፋፈል አላየናቸውም።

ከግድግዳው በኩል "ዳናላል! ቁም!" የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሰብሳቢው አንድ እግራቸውን አንሥተው ቆሙ። ቡሪ ባይ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

አጀንዳ 3 (ያልታሰበ)፦ ሰብሳቢው በሕይወት ስለመኖራቸው

ጉባኤው ሰብሳቢው ይሞቱ እንደሆነ ለማየት ግማሽ ሰዓት ጠበቀ። ኦንካር ደረታቸው ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው አዳመጡ፣ ይመታል አሉ። ቡሪ ባይ አልፈው እግራቸውን፣ እጃቸውን፣ ግንባራቸውን ዳሰሱ። ሰብሳቢው ሻይ ጠየቁ። በአጀንዳ 1 በተወሰነው መሠረት ተሰጣቸው።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ የሻዩን ጨምሮ ከላይ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ነገ እያንዳንዷ ሴት የገዛ ባሏን ስም በገዛ አፏ ትናገራለች። ከምሽቱ 12፡25 ሲሆን ጉባኤው ተበትኗል።

ሰብሳቢው ከመሄዳቸው በፊት፣ ለቃለ ጉባኤው ትክክለኛነት ሲባል ስማቸው አንዴ እንዲደገም ጠየቁ። ቡሪ ባይ እጃቸውን ይዘው እየመሩ "የምደግመው ለቆጣሪው ነው፤ እርስዎን አንዴ ይበቃዎታል" አሉ። ጉድጓዱ አጠገብ ሲደርሱ ሰብሳቢው ሆን ብለው እግራቸውን ወደዚያው ሰደድ አደረጉ። ስማቸው ለሁለተኛ ጊዜ ተጠርቷል። አብሮት የመጣውን ስድብ ጸሐፊው አልመዘገበም።

ኬስሪማል፣ ጸሐፊ (እስከ ነገ ጠዋት ሟች)