በአንድ ሰፌድ የተካፈልነው ክኒን

የመርሳ ከተማ የአንድ ቅሬ (የለቅሶ ዕድር) ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሰኞ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ የቅሬው ዕቃ ቤት። ወንበሮቹ ለቅሶ ቤት ስለሄዱ የተቀደደው ድንኳን ተጠቅልሎ ለመቀመጫነት አገልግሏል።
ሰዓት፦ ለጠዋቱ 2፡30 ተጠርቶ 3፡40 ተጀመረ።

የተገኙ አባላት፦
1. ሼህ አብዱልጀሊል፣ ሰብሳቢ
2. አቶ ሙላቱ፣ አባል፤ ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ሃያ ሁለት ዓመት የሙከራ ማሽላ ከወፍ የጠበቁና በዚሁ ምክንያት ራሳቸውን ከተመራማሪ የሚቆጥሩ
3. ወ/ሮ ደብሪቱ፣ ዕቃ ጠባቂ
4. ወ/ሮ ዓቢዳ፣ አባል፤ የማንጎ ነጋዴ
5. ብርሃኔ፣ ጸሐፊ፤ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው፤ ለራሱ «አቶ» ብሎ መጻፍ ያፈረ

ያልተገኙ፦ አቶ ሽፈራው። ልጃቸው ስትጠየቅ «ክኒኑን ከጀመሩ ወዲህ እንቅልፍ ተስማምቷቸዋል፣ እኔ አልቀሰቅስም» ብላለች። የዋጡት እውነተኛው ይሁን ባዶው ስላልታወቀ፣ መቅረታቸው በፈቃድ ነው ወይስ ያለ ፈቃድ የሚለው በይደር ተይዟል።

ከስድስት አባላት አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሼህ አብዱልጀሊል ዱአ አድርገው፣ ወ/ሮ ደብሪቱም አማትበው ስብሰባው ተከፈተ።

አጀንዳ አንድ፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ጸሐፊው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ በንባብ አሰማ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ወ/ሮ ዓቢዳ እጃቸውን አውጥተው፣ «ቆይ እስቲ፣ ድንኳኑ ይሰፋ ብሎ ሐሳብ ያቀረበው ሰውዬ ከሞተ ሰባት ዓመቱ አይደለም እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። ጸሐፊው ሽፋኑን ገልብጦ ሲያይ መዝገቡ የ2009 ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ያው ድንኳኑ ስለሆነ፣ ድንኳኑም እስካሁን ስላልተሰፋ፣ ከረጅም ውይይት በኋላ እንዳለ እንዲጸድቅ ተወስኗል።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ ክኒኑ

ሰብሳቢው ጸሐፊው ነገሩን ከሥሩ እንዲያስረዳ ጠየቁ። ጸሐፊው «ሁላችሁም የምታውቁት ነው» ብሎ ሊያልፈው ቢሞክር፣ ወ/ሮ ደብሪቱ «አንቱ አመጡት፣ አንቱው ያስረዱ!» ስላሉት ተገድዶ እንደሚከተለው አስረድቷል።

የጸሐፊው የልጅ ልጅ ህሊና ከሦስት ወር በፊት ለሁለተኛ ዲግሪዋ ማሟያ ጥናት ይዛ መጣች። ከቅሬው አረጋውያን፣ ከጸሐፊው በቀር የኮሚቴውን አባላት ጨምሮ፣ ሃያ ሰው መርጣ ለእያንዳንዱ ቁጥር የተጻፈበት የክኒን ብልቃጥ አደለች። በአሥሩ ብልቃጥ ያለው ቫይታሚን ነው፤ በአሥሩ ያለው ምንም የሌለበት ባዶ ክኒን ነው። መልካቸው አንድ ነው። የማን የትኛው እንደሆነ እሷ ራሷ አታውቅም፤ ዝርዝሩ በፖስታ ታሽጎ አስተማሪዋ ዘንድ ተቀምጧል። ዓላማው ቫይታሚኑ የሽማግሌን የማስታወስ ችሎታ ይረዳ እንደሆነ ማወቅ ነው። ህሊና «ሁላችሁም የየራሳችሁን ብቻ ዋጡ» ብላ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቃለች። ሦስት ጊዜ መሆኑን ጸሐፊው የሚያውቀው ቆሞ ስለቆጠረ ነው።

ጸሐፊውም በጥናቱ ልግባ ብሎ ነበር። «አባባ፣ አንቱ አያቴ ነዎት፤ ውጤቱን ያበላሹብኛል» ተብሎ ተከልክሏል። በዚህ አኩርፎ ሳምንት ሙሉ በየሰው ደጅ እየዞረ አቤቱታ አሰማ። ሰዎቹም አንጀታቸው አልችል ብሎ ሃያዎቹም ከየብልቃጣቸው ግማሽ ግማሽ ቆረሱለት። የጥናቱ ተሳታፊ ያልሆነው ጸሐፊ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አሥር ሙሉ ክኒን መዋጡን ለጉባኤው አምኗል። በማስታወስ በኩል ምን ለውጥ እንዳየ ተጠይቆ፣ የ2009ን መዝገብ ከእጁ ላይ አንሥቶ ከጀርባው ደብቋል።

ከዚያ በኋላ «የኔ ባዶው ቢሆንስ?» የሚል ጥርጣሬ በሃያዎቹም ቤት ገባ። አንዱ መድኃኒት ውጦ ጎረቤቱን ባዶ ማስዋጥ ነውር ነው ተባለ። ስለዚህ ጁምዓ ጁምዓ ከሰዓት በኋላ የሃያው ሰው የሳምንት ክኒን በአንድ ሰፌድ ላይ እየተገለበጠ፣ እየተደባለቀና እየተመረቀ እኩል ሲታደል ከርሟል። ሰፌዱ የወ/ሮ ደብሪቱ ነው። መራቂው ሰብሳቢው ናቸው። አማሳዩ ጸሐፊው ነው።

አቶ ሙላቱ በዚህ ላይ የሙያ አስተያየት እንዲሰጡ ጠይቀው ተፈቀደላቸው። «ሲሪንቃ አንዱን መደብ ማዳበሪያ ያበሉታል፣ አንዱን ይከለክሉታል። እውነቱን የሚናገረው የተከለከለው ነው። ማሽላ ደግሞ ከጎረቤቷ ማዳበሪያ አትካፈልም!» ብለዋል።

ወ/ሮ ደብሪቱ በበኩላቸው፣ «ማሽላ ለቅሶ የሚደርስላት የላትማ! እኔ ነገ በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ?» ሲሉ መልሰዋል።

ሰብሳቢው፣ አቶ ሙላቱ ይህን ሁሉ እያወቁ ያኔ ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቁ። አቶ ሙላቱም፣ «የኔ ባዶው መስሎኝ ነበር» ብለዋል። መልሱ በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

እንዲሁም ባለፈው ሳምንት በተደረገው ፈተና ላይ የተፈጠረው ተነሥቷል። ህሊና እያንዳንዱን ሰው ለብቻው እያስገባች አሥራ አምስት ቃል ታነብለትና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያስታወሰውን ትመዘግባለች። ጸሐፊው በር ላይ ተቀምጦ ነበር። የወጣው ሰው የሚያስታውሰውን ሲነግረው በብጣሽ ወረቀት ጻፈ፤ ቀጥሎ የወጣው የጎደለውን ሞላ። ከአምስተኛው ሰው በኋላ ወረቀቱ ሙሉ ስለሆነ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እየተቀባበሉ አጥንተውታል። ለምን እንዲህ እንደተደረገ ሲጠየቅ፣ ሰው ሲወድቅ ቆሞ ማየት አይሆንም ተብሏል።

ህሊና ዛሬ ከቀኑ 8፡00 ለመጨረሻው ምዘና ትመጣለች። ረቡዕ ፖስታው ይከፈታል። ከነገርናት የሦስት ወር ልፋቷ ገደል ይገባል። ካልነገርናት ውሸት በስሟ ይታተማል። ጉባኤው የተጠራው ለዚህ ነው።

አጀንዳ ሦስት፦ ከሳይንስ የሚገኝ መከላከያ ካለ ስለመፈለግ

ህሊና በመጣች ቁጥር ለትዕግሥታችን ምስጋና ብላ በዓለም ላይ የወጡ የምርምር ውጤቶችን ከስልኳ ታነብልን ነበር። አባላቱ ከሰሙት ውስጥ ለዛሬ የሚጠቅመውን እንዲያቀርቡ ተጋብዘዋል።

ሀ) አቶ ሙላቱ ፊዚክስ አቅርበዋል። እጅግ ደቃቅ የሆነ ቅንጣት ሰው ሲያየው ጠባዩ ይለወጣል ተብሎ ስለተነበበ፣ የኛንም ውጤት ያበላሸው መታየቱ ነው፤ ስለዚህ ህሊና ውጤቱን እንዳታይ በሽማግሌ ትለመን የሚል ነው። ወ/ሮ ዓቢዳ «የኔ ማንጎ የሚበሰብሰው ሳላየው ነው» በማለት ተቃውመዋል። አቶ ሙላቱ ማንጎ ቅንጣት እንዳልሆነ አስረድተዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ሐሳቡ በሦስት ድምፅ ድጋፍ ጸድቋል።

ለ) ወ/ሮ ደብሪቱ ስለ አንጎል የሰሙትን አቅርበዋል። ሰው ያለፈውን ባስታወሰ ቁጥር አንጎሉ እንደ አዲስ ይሠራዋል፣ እየሠራም ይለውጠዋል ተብሏል። «እኔ የሰፌዱን ነገር ባስታወስኩት ቁጥር እየተበላሸብኝ ነው፤ ከእንግዲህ አትጠይቁኝ፣ ሰፌድም ያለኝ አይመስለኝም» ብለዋል። ጸሐፊው ይህን ሐሳብ ከመቀመጫው ተነሥቶ በጋለ ስሜት ደግፏል። ደጋፊው ተጠቃሚ ስለሆነ ድምፁ እንዳይቆጠር ቢጠየቅም ተቆጥሮ ጸድቋል።

ሐ) ጸሐፊው ራሱ ከሕክምናው ዘርፍ አቅርቧል። ባዶ ክኒን የዋጠ ሰው መድኃኒት የዋጠ ከመሰለው አንዳንዴ ይሻለዋል ተብሏል። የኛ ክኒን ደግሞ በዱአ የተመረቀ ስለሆነ ባዶ የሚባል በመካከሉ የለም፤ ሃያውም ሙሉ ነው ተብሎ ይጻፍላት የሚል ነው። ሼህ አብዱልጀሊል «አላህን ከቫይታሚን ጋር አታነካኩት!» ብለው ተቆጥተዋል። ጸሐፊው ደንግጦ ሐሳቡን ቢያነሣም፣ እጅ ወጥቶ ስለነበር ጸድቋል።

አጀንዳ አራት፦ ዕጣ ስለማውጣት

አቶ ሙላቱ፣ ከሁሉም የሚበልጥ መላ አለኝ ብለው ሐሳብ አቅርበዋል። ዛሬ ሃያው ሰው በዕጣ ለሁለት ይከፈል፤ አሥሩ በምዘናው ላይ «ተሻሽያለሁ» ይበል፣ አሥሩ ቃል እየረሳ «ምንም ለውጥ የለኝም» ይበል፤ ያኔ ጥናቱ እንደ ሲሪንቃ መደብ ለሁለት ተከፍሎ ይገኛል የሚል ነው። በአንድ ድምፅ ጸደቀ። ኮሚቴው ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን ዕጣው እዚያው ወጣ።

«ያልተሻሻለ» የሚለው ለወ/ሮ ደብሪቱ፣ «የተሻሻለ» የሚለው ለወ/ሮ ዓቢዳና ለአቶ ሙላቱ ደረሰ። ወ/ሮ ደብሪቱ፣ «እኔ ስረሳ ዓቢዳ ልታስታውስ? የዓቢዳን የሠርግ ቀን የማስታውስላት እኔ አይደለሁም እንዴ?» በማለት አቤት ብለዋል። ወ/ሮ ዓቢዳም «እውነቷን ነው፤ የመሻሻሌን ግማሽ ሰጥቻታለሁ» አሉ። አቶ ሙላቱ ከእሳቸውም ድርሻ ለሚቀርባቸው ሰው እንደሚያካፍሉ አስታወቁ። ሰብሳቢው ውጤቱን ሲጠይቁ ጸሐፊው ደምሮ፣ ተሳታፊ ያልሆነውን ራሱን ጨምሮ አምስቱም አባላት እኩል በእኩል ግማሽ ግማሽ መሻሻላቸውን አስታውቋል።

በዚህ ጊዜ ሼህ አብዱልጀሊል ጥምጣማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ጀማዓው፣ ውሸቱንም በሰፌድ አደረግነው እኮ» አሉ። ለአምስት ደቂቃ ያህል ተሳቀ። ሳቁ በቃለ ጉባኤ እንዳይገባ የቀረበው ሐሳብ ዘግይቶ የመጣ ነው።

ሳቁ ሲያልቅ ወ/ሮ ዓቢዳ፣ «እሺ፣ ይህች ልጅ የኛን ውሸት አሳትማው፣ የሆነ ቦታ ያለ ሐኪም አንብቦ አምኖ፣ ይረዳል ብሎ ለአንዲት እንደኔ ያለች አሮጊት ቢሰጣት፣ እሷስ የማን ቅሬ ናት?» ሲሉ ጠየቁ።  ጥያቄው እንዳለ ተመዝግቧል።

አጀንዳ አምስት፦ ያልተያዘ አጀንዳ

ከቀኑ 5፡50 ላይ የጸሐፊው ስልክ ጠራ። ህሊና ናት። ሰብሳቢው ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አዘዙ፤ ጸሐፊው የቱን እንደሚጫን ስላላወቀ ወ/ሮ ዓቢዳ ተጫኑለት።

ህሊና ሲሪንቃ መድረሷን፣ ታክሲ ውስጥ ሆና የፈተና ወረቀቶቹን እያገላበጠች መሆኑን ተናገረች። ከዚያ፣

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያነበብኩላቸው አሥራ አምስት ቃል ነው። ከስድስተኛው ሰው ጀምሮ ሁሉም አሥራ ስድስት መልሰዋል። አሥራ ስድስተኛውን እኔ አላነበብኩትም። ድንኳን ከየት መጣ?» አለች።

ጸሐፊው ቃላቱን የጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ለሚቀጥለው መደበኛ ስብሰባ የድንኳኑን ጉዳይ መዝግቦበት ከነበረው መዝገብ የተቀደደ መሆኑን፣ ከላዩም በራሱ የእጅ ጽሑፍ «ድንኳን» የሚል ቃል እንደነበረበት ያን ጊዜ ትዝ አለው። ጸሐፊው በሦስት ወር ውስጥ ሳይጠየቅ ያስታወሰው ይህንን ብቻ ነው።

አቶ ሙላቱ፣ ቅንጣቱን አይታዋለች ሲሉ በሹክሹክታ ገልጸዋል።

ጸሐፊው «ልጄ፣ ድንኳኑ የኔ ነው» አለ።  ህሊናም፣ «አባባ፣ በአፍዎ አይንገሩኝ፤ በአፍዎማ ያስቁኛል። ይጻፉልኝ። ማን ከማን ጋር ተካፈለ፣ መቼ፣ ስንት። ምንም ሳያስቀሩ። እኔ ከአስተማሪዬ ፊት ይዤ የምቆመው አንድ እውነተኛ ወረቀት እንኳ ይኑረኝ» አለች። ድምፅዋ ደክሞ ነበር። ስልኩ ተቋረጠ፤ ኔትወርኩ ይሁን እሷ ትሁን አልታወቀም።

ጸሐፊው፣ ያኮረፈውም የለመነውም ያማሰለውም እሱ ስለሆነ ጥፋቱ ለብቻው በስሙ እንዲመዘገብ ሐሳብ አቀረበ። ደጋፊ አልተገኘም። ወ/ሮ ደብሪቱ፣ «ክኒኑን አብረን ውጠን ወቀሳውን ለብቻዎ? ምን ነካዎት!» ብለዋል። ጸሐፊው ዓይኑ ውስጥ ትንኝ ስለገባበት ስብሰባው ለሁለት ደቂቃ ተቋርጧል።

ውሳኔ

ጉባኤው ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለውን በሙሉ ድምፅ ወስኗል።

1. በአጀንዳ ሦስት ሀ፣ ለ እና ሐ፣ እንዲሁም በአጀንዳ አራት የተወሰኑት በሙሉ ተሽረዋል። የወ/ሮ ደብሪቱ ሰፌድ መኖሩ ታምኗል። የ2009 ቃለ ጉባኤ መጽደቁም ተሽሯል፤ ሟቹ ሐሳብ አቅራቢ በሰላም ይረፉ።

2. ይህ ቃለ ጉባኤ አንድም መስመር ሳይሰረዝ ለህሊና ይሰጥ። ለአስተማሪዋም ልታሳየው ትችላለች።

3. ህሊና ጥናቱን እንደገና ለመጀመር ከፈቀደች ሃያዎቹም አረጋውያን የየራሳቸውን ብቻ እንዲውጡ ኮሚቴው ቤት ለቤት ዞሮ ይለምን። ብርሃኔ ለሚባል ሰው ክኒን የቆረሰ ከሰፈሩ ሰው ይቅርታ ይጠይቅ። ብርሃኔም በዚያ ሦስት ወር ማኩረፍ አይፈቀድለትም።

4. ወቀሳው ግን እኩል ይታደላል። ስለዚህ አምስቱም አባላት አሁኑኑ መናኸሪያ ወርደው ከታክሲው በር ላይ ይቀበሏት። አቶ ሽፈራውም ይቀስቀሱ።

ጸሐፊው ከኪሱ ሦስት ግማሽ ክኒን አውጥቶ ለሰብሳቢው አስረክቧል። አራተኛውንም ከሌላው ኪሱ ወ/ሮ ዓቢዳ አግኝተውታል።

የቀትሩ ሶላት የዙህር አዛን ስለተሰማ ስብሰባው ከቀኑ 6፡25 ላይ ተዘግቷል። ሲወጣ ድንኳኑ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ልብሱን አራግፏል።

ሰብሳቢ፦ ሼህ አብዱልጀሊል (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ብርሃኔ፣ አሥራ ስድስተኛውን ቃል የጻፈው (ፊርማ)