ዘጠኝ ወር ያስጠበቀኝ ችኮላ

የዘንድሮ ሰው መጠበቅ አይችልም የሚሉኝ እኩዮቼ ያስቁኛል። ታክሲው ሁለት ደቂቃ ከቆመ ሹፌሩ ላይ ይጮኻል፣ ሻይ ከዘገየበት ጥሎ ይወጣል፣ ለላከው መልእክት እዚያው መልስ ካልመጣለት ፊቱን ያጠቁራል ይላሉ። ቀጥለው ደግሞ ከወንበራቸው ቀና ብለው «እኛ ግን» ይላሉ። እኛ ግን ምን? እኛ ግን ታጋሾች ነበርን!

ውሸት ነው። እኔም ነበርኩ፤ አይቻለሁ። ስኳር የሚሸጠው አንድ ሱቅ ብቻ ከሆነ ትቆማለህ እንጂ ምን ታደርጋለህ? የታሰረ ሰው ከቤት ስለማይወጣ ጨዋ ይባላል እንዴ? አማራጭ አጥተን የቆምነውን ነው አሁን ትዕግስት ብለን ለልጆቻችን የምንሰብከው።

እኔን ተመልከቱ። በደርግ ጊዜ ከዊንጌት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ጋሽ ወርቁ ግቢ ተከራይቼ እኖር ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ የጽሕፈት መኪና እጠግናለሁ። ሥራው ለችኩል ሰው የተፈጠረ አይደለም። ጥፍር የምታክል ሞላ ከጣትህ አፈትልካ ጠረጴዛ ሥር ከገባች ተንበርክከህ ግማሽ ቀን ትፈልጋታለህ። እኔ ግን አልንበረከክም። መኪናውን በመዳፌ አንዴ ነረት አደርገውና ይሠራል፣ ውሰዱት እላለሁ። አንዳንዱ ደግሞ ይሠራ ነበር፣ ይገርማችኋል።

የቀበሌያችን ሱቅ ወረፋ የሚያዘው በድንጋይ ነበር። ላልደረሰበት ላስረዳ። ነገ ስኳር ይመጣል ተብሎ ከተወራ ሰዉ ዛሬውኑ ድንጋዩን አምጥቶ በተርታ ያስቀምጣል። ድንጋዩ ባንተ ፈንታ ይቆማል፣ አንተ ሥራህን ትሠራለህ። አንዱ ጡብ፣ አንዱ የተሰበረ ሙቀጫ፣ አንዱ ቂጡ የተቀደደ ባልዲ ያኖራል። ሰውየውን በስሙ የማያውቀው እንኳ ድንጋዩን ያውቀዋል። ታዲያ አንድ ቀን ቸኮልኩና ድንጋዬን ስድስት ቦታ ወደፊት አሳለፍኩት። ማንም አላየኝም ብዬ ቀና ስል አንዲት ልጅ ትልቅ የወንድ ካፖርት ለብሳ ቆማለች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ድንጋዬን አነሳችና ስድስት ቦታ ቆጥራ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ እጇን አራግፋ ሄደች።

ስንዱ ማለት እሷ ናት። የቁስቋም ልጅ፣ የአናጢው የአቶ ተሰማ ልጅ።

ከዚያ ወዲህ ድንጋዬን ከድንጋይዋ ቀጥሎ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ከኋላዋ ቆሜ አወራታለሁ። መጀመሪያ ዞር አትልም ነበር። ቆይታ ዞር አለች፣ ኋላ ሳቀች። ሰዉ ሁሉ ስኳሩ ዘገየ ብሎ ሲያማርር እኔ በሆዴ ምነው ስኳር የሚያመጣው መኪና በተበላሸ እላለሁ። ዓመት ሳይሞላን ልንጋባ ተስማማን።

ይሄኔ ወደ ባሌ ተዛወርክ የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። በሃያ ቀን ውስጥ ጎባ ተገኝ ይላል። ክው አልኩ። ቁስቋም መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ ስንዱን ላድርስሽ የሚላት አንድ ሹፌር እንዳለ አውቃለሁ። እኔ ባሌ፣ እሱ ባለመኪና። ትቻት ብሄድ ስመለስ የሰው ሚስት ሆና እንደማገኛት አልተጠራጠርኩም፤ እንቅልፍም ምግብም እምቢ አለኝ።

ሽማግሌ ፈለግኩ። አንዱ አከራዬ ጋሽ ወርቁ፣ ሁለተኛው የራሳቸው ትንሽ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ኑሩ፣ ሦስተኛው ለቁጥር ማሟያ የገቡ፣ ድምፃቸውን ሰምቼው የማላውቅ ጎረቤት ናቸው። ወጉን መቼም ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ በጠዋት ይሄዳል፣ ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም ብሎ ይቆማል። የልጅቱ አባት ነገሩን ከወር በፊት ሰምቶት እንኳ እንደ አዲስ ይደነግጣል። ዘመድ ላማክር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ይላል። ሲመለሱ ደግሞ አጎቷ ከገጠር አልመጡም ይባላል። በሦስተኛው፣ ከቀናህ፣ እሺ ትሰማለህ።

ጣቴን ብቆጥር፣ ግድግዳ ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ ብቆጥር፣ ሃያ ቀን ለሦስት ምልልስ አይበቃም። ጋሽ ወርቁን በአንድ ቀን ጨርሱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ተቆጡ። ልጁን በአንድ ቀን የሰጠ አባት ሰልችታው ነበር ይባላል፣ አንተ ደግሞ ያሰለቸች ልጅ ያገባ ትባላለህ አሉኝ። እኔ ግን አልሰማሁም። ሐጂ ኑሩን ሱቃቸው ድረስ ሄጄ ጨቀጨቅኳቸው። እሳቸው ነጋዴ ናቸው፣ ቁርጥ ያለ ነገር ይወዳሉ። እሺ፣ እኔ እናገረዋለሁ አሉኝ።

እሑድ ጠዋት በሐምሌ ጭጋግ ወደ ቁስቋም ወጡ። እኔ ጋሽ ወርቁ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሻይ አፈላሁ፣ አልጠጣሁትም። ጫማዬን ጠረግኩ፣ ጭቃው ውስጥ ገባሁ፣ መልሼ ጠረግኩ። የሆነውን ሁሉ የነገሩኝ ጋሽ ወርቁ ናቸው።

ጋሽ ወርቁ የዘር ሐረጌን ቆጥረው፣ ጠባዬን ካለው በላይ አሳምረው ሲጨርሱ፣ አቶ ተሰማ እንደ ደንቡ ዘመድ ላማክር ለማለት አፋቸውን ይከፍታሉ። ሐጂ ኑሩ ቀደሟቸው።

«ልጁ ቸኩሏል። ዛሬውኑ ቁርጡን ንገሩን» አሉ።

እናንተ ሆዬ፣ በዚያ ዘመን ልጅ የሚጠይቅ ሰው ቸኮለ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አባት በመላው ጉለሌ አልነበረም። አቶ ተሰማ ቀስ ብለው ምን አስቸኮለው ብለው ጠየቁ። ሐጂ ኑሩ ስለ ባሌ ሊያስረዱ ጀመሩ፤ ግን ማን ይስማቸው? አባትየው ወደ ጓዳ ዞረዋል። እናትየው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጭነው ብቅ አሉ። ስንዱ ተጠራች። ብርድ ነውና ያንን ሰፊ ካፖርት ለብሳ መጣች። እንኳን የሌለ እርግዝና፣ መንታም ቢሆን የሚሸሽግ ካፖርት ነው! ወላጆቿ ካፖርቱን አዩት፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ሦስቱም ጓዳ ገቡ።

ቆዩ። ሽማግሌዎቹ አሁንም ቆመው ነው። በመጨረሻ አቶ ተሰማ ብቻቸውን ወጡ።

«ከዘጠኝ ወር በኋላ ተመለሱ» አሏቸው።

ጋሽ ወርቁ ይህን ሲነግሩኝ ሳቃቸውን ለመያዝ ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር። ሐጂ ኑሩ ጥፋቱ የኔ ነው አሉ። ያ ሦስተኛው ሽማግሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ፤ «በአንድ ወር ያልቅ የነበረውን» አሉ። እኔ ምን ልበል? አንድ ወር አልጠብቅም ያልኩት ሰውዬ ዘጠኝ ወር ተፈረደብኝ። አቶ ተሰማ የልጃቸውን ስም ሊያጠሩ ነው፤ አገር በጣቱ ይቁጠር፣ ዘጠኙ ወር ሲሞላ ልጄ እንደነበረች ትገኛለች ማለታቸው ነው። እንዲህ ነበር የገባኝ።

ጎባ ብርድ ነው። አለቀስኩ፣ ምን ልደብቃችሁ። የስንዱ ደብዳቤ በሦስት ሳምንት አንዴ ይደርሰኛል። የቀበሌው ሱቅ ወረፋ ላይ ሴቱ ሁሉ ሰላም የሚላት ወገቧን እያየ እንደሆነ ጻፈችልኝ። በአራተኛው ወር ሰፈሩ ቀበቶ አጥብቃ ታጥቃ ነው እያለ ነበር፣ በሰባተኛው ግን ተስፋ ቆረጠ። ከስምንተኛው ወር ደብዳቤዋ ግርጌ ላይ ሹፌሩ ሽማግሌ ላከ የሚል አንድ መስመር ነበረበት። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። የሚቀጥለው ደብዳቤ እስኪመጣ ስንት ጽሕፈት መኪና በመዳፌ እንደሰበርኩ የጎባ ቢሮ ያውቃል። አለቃዬን ፈቃድ ብጠይቀው ጠብቅ አለኝ።

ጠበቅኩ። የሹፌሩ ሽማግሌዎች እምቢ እንደተባሉ በመጨረሻ ጻፈችልኝ። ዘጠኙ ወር እንዳለቀ የኔዎቹ ሽማግሌዎች ወደ ቁስቋም ወጡ። ጋሽ ወርቁ የዘር ሐረጌን ገና ከአያቴ ሳያልፉ አቶ ተሰማ «ተቀመጡ፣ ሰጥተናል» አሏቸው። ተጋባን።

ከዚያ በኋላ ታዲያ የማልናገርበት ቦታ አልነበረም። ሠርግ ቤት፣ ዕድር ላይ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል በር ላይ አስታማሚ ሲነጫነጭ፣ ተው ወንድሜ፣ እኔ ዘጠኝ ወር የጠበቅኩ ሰው ነኝ እላለሁ። ሰው ያደንቀኛል። ቀስ በቀስ እኔም ራሴን ማድነቅ ጀመርኩ።

አማቴ አቶ ተሰማ ያረፉ ጊዜ ደርግ ገና አልወደቀም። በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ትንሽ ሲቀልለው፣ ያንኑ ታሪክ አወራሁለት። ሟች ለክብራቸው እንዴት ያለ ሰው እንደነበሩ፣ እኔም እንዴት ያለ ታጋሽ እንደነበርኩ ተናገርኩ። ሰዉ እንባውን እየጠረገ ሳቀ። ስንዱ አልሳቀችም።

ከቁስቋም ስንወርድ ጭቃው እንዳያዳልጣት ክንዷን ያዝኩ። ግማሽ መንገድ እንደሄድን ቆመች።

«አባባ እኮ በዚያው ቀን እሺ ሊሉ ነበር» አለችኝ።

አልገባኝም። ጓዳ ገብተው ሲንሾካሾኩ፣ አባቷ «እርግዝናው ሳይገለጥ አሁኑኑ እንስጠው፣ እሱ ከቸኮለ እኛ እንብሳለን» ብለው ሊወጡ እንደነበር ነገረችኝ። እጃቸውን ይዛ ያስቆመቻቸው እሷ ናት። ካፖርቱን አውልቃ አሳየቻቸው። ከዚያ ዘጠኝ ወር ይጠብቅ ያለችው ራሷ ናት።

እንግዲህ ችኮላዬ ሠርቶ ነበር ማለት ነው! በአንድ ቀን አልቆልኝ ነበር! ጎባ ያለቀስኩት፣ ያ ሁሉ የሰበርኩት መኪና ትዝ አለኝና ንድድ አልኩ። ለምን አልኳት።

«ወደኔ የምትቸኩል ይሁን ወይስ እንዲያው ዝም ብለህ የምትቸኩል፣ ልይ ብዬ ነዋ!»

«እና ምን አየሽ?»

ነጠላዋን አስተካከለች። ሁለት ልጆች ወልደናል በዚያን ጊዜ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፣ ክንዷን መልሳ ሰጠችኝና መንገዷን ቀጠለች።

«ገና እያየሁ ነው» አለች።

ይኸው ሁለቱንም ልጆች ድረን እንኳ መልሱን እየጠበቅኩ ነው።