የሁለት ግራጫ ሙግት

ቤት በሚቀባበት ሁሉ «እስቲ በፀሐይ ልየው» የምትል ሴት አትጠፋም። ቀለም ቀቢው እንዲህ ያሉ ደንበኞች ብዙ አይቷል፤ የዚህችኛዋን ያህል ግን አልገጠመውም። በሆዱ «እቴጌ ግራጫ» ብሎ ሾሟታል።

ክርክሩ ስለ አንድ ክፍል ነው። የቀረቡት ሁለት ግራጫዎች ናቸው፤ አንዱ ጠቆር ብሎ ወደ አመድ፣ ሌላው ፈዘዝ ብሎ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ለቀቢው የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ለእቴጌይቱ ሰማይና ምድር። ጠዋት መጋረጃ ገልጣ ታያለች፤ ማታ አምፖል አብርታ ታያለች። ደመና ሲያንዣብብ ደግሞ «ና እስቲ፣ ተለወጠብኝ» ብላ ከመሰላል ታወርደዋለች።

«እህቴ፣ ቀለም እኮ ነው፤ ባል አይደለም የምትመርጪው።»

«ባልማ በአንድ ቀን ነው የመረጥኩት። አሁን የምጠነቀቀው ለዚያ ነው።»

ትዕግሥቱ አለቀ። ሁለቱንም መሞከሪያ ቦታ ከአንድ ጣሳ ቀባና ሲደርቅ ጠራት። ቀረብ አለች፣ ራቅ አለች፣ ዓይኗን አጠበበች።

«አመድማውን የት አደረስከው ወንድሜ? ሁለቱም ሰማያዊው ናቸው።»

ቀቢው ባልዲው ላይ አቀርቅሮ ብሩሽ ማጠብ ያዘ። «ተሳስቼ ነው።»

«አልተሳሳትክም፤ አሰልችቼህ ነው» አለችና ሳቀች። ከዚያ ነገረችው። ክፍሉ ለአባቷ ነው። ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ «እኔ ጋ ግቡ» ስትላቸው «በሰው ቤት እጄን ተይዤ ልዙር?» ብለው እምቢ ብለዋል። እሷም ዓይኗን አጥብባ የምታየው፣ አመሻሽ ላይ ነጩ በር በየትኛው ግራጫ ግድግዳ ላይ እንደማይጠፋባቸው ለመለየት ነው።

«ይህን መጀመሪያ አትነግሪኝም?» አለ ቀቢው እየተነሳ። «በይ፣ ግድግዳው አመድማው ይሁን። የበሩን መቃንና የማብሪያውን ዙሪያ የማያብረቀርቅ ነጭ እደግመዋለሁ። የሚያብረቀርቀው የደከመ ዓይን ያጭበረብራል።»

ክፍሉ ተቀብቶ ሲያልቅ አዛውንቱ «እስቲ ለሙከራ» ብለው ገቡ። ቀቢው ትቶት የሄደውን መሰላል ሊወስድ አመሻሽ ላይ መጥቶ አንኳኳ። ውስጥ ዝግ ያለ እርምጃ ተሰማ፤ መብራት በራ፤ በሩ ተከፈተ።

«ልጄ ከሥራ አልገባችም። ያለሁት እኔ ነኝ፤ ግባ።»

ቀቢው መሰላሉን ተሸክሞ እንደወጣ፣ መንገድ ላይ አስደግፎት ደወለላት።

«አባባ ናቸው የከፈቱልኝ።»



«ብቻቸውን?»

«ብቻቸውን፣ እቴጌ።»