ሥር ድረስ የዘለቀ ግምገማ

ሠላሳ አንድ ዓመት የክትትልና ግምገማ መምሪያን የመሩ ሰው ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤት ይጎዳል፤ ጓሮ ግን ይታደላል። ሰፈርተኛው በሌሉበት «ጋሽ ግምገማ» የሚላቸው እኚህ ታላቅ ሰው ገና ጡረታ በወጡ በሳምንቱ ፊታቸውን ወደ ቤታቸው ጓሮ አዞሩ። ጓሮው ተዳፋት ነው፤ ሣር እንኳ የለበትም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጭቃው ማንንም ሳያስፈቅድ ኩሽና ይገባል። ባለቤታቸው በዚሁ ጭቃ አዳልጧቸው ክንዳቸው ከተሰበረ ሁለት ወሩ ነበር።

«አሁን ደግሞ እግሬን እስክሰበር ነው የምትጠብቀው?» አሉ ባለቤታቸው።

ችግኝ ሊገዙ ሄዱ። ሻጯ መሬት ለመሬት እየተሳበ የሚነጠፍ፣ አንዴ ከያዘ ከዓመት ዓመት የማይደርቅ፣ አፈሩን በሥሩ ጨብጦ የሚይዝ ተክል ሰጠቻቸው።

«ተክለው ውኃ ያጠጡት፤ ከዚያ ይተዉት ጋሼ።»

«ይተዉት ማለት?»

«አይነካኩት።»

ጋሽ ግምገማ አዘኑላት። ክትትል የሌለው ሥራ መቼ ፍሬ አፍርቶ ያውቃል!

ስልሳ ችግኝ በገመድ እየለኩ ተከሉ፤ ለእያንዳንዱም ቁጥር ሰጡት። «በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ሽፋኑን መቶ በመቶ ማድረስ» የሚል ዕቅድም ኩሽናው በር ላይ ተለጠፈ። ተክሉ ዕቅዱን ያንብብ አያንብብ የታወቀ ነገር የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግምገማ ነው። ጋሽ ግምገማ መነጽራቸውን ሰክተው ይንበረከካሉ፤ ቁጥር አንድን ይነቅሉና ሥሩን በማስመሪያ ለክተው፣ መዝግበው፣ መልሰው ይቀብሩታል። ከዚያ ቁጥር ሁለት። «ተጨማሪ ማብራሪያ ያስፈልገዋል» የተባለ ችግኝ ሁለቴ ይነቀላል።

በአምስተኛው ቅዳሜ ከስልሳው ሃያው ደርቆ ተገኘ።

«የአመለካከት ችግር ነው» አሉ።

«የማን?» አሉ ባለቤታቸው።

«የተክሉ ነዋ።»

«አንተ ሰውዬ፣ አንተን በየሳምንቱ ከአልጋህ እየነቀሉ እግርህን ቢለኩህ ትወፍር ነበር?»

አስተያየቱ በቃለ ጉባኤ ተይዞ ታለፈ።

ሥራው እንዲህ እየተቃና ሳለ፣ ሌላ ከተማ ቤት የምታሠራው ልጃቸው ደወለች። «አባዬ፣ ግንበኞቹን የሚከታተልልኝ ሰው አጣሁ።» «ክትትል» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ሻንጣቸውን አነሡ። ባለቤታቸው እስከ በር ሸኟቸው፤ አለቀሱ ግን አይባልም።

አራት ወር ቆዩ። በነዚህ አራት ወራት አንዱ ግድግዳ ሦስት ጊዜ መፍረሱን ልጃቸው ለማንም አልተናገረችም።

ሲመለሱ ዝናቡ ይወርዳል። ጓሮው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ለብሷል፤ አፈር ለመድኃኒት አይገኝም። ኩሽናው ደረቅ ነው። ባለቤታቸው በዳነ ክንዳቸው ጃንጥላ ይዘው፣ ባዶ እግራቸውን ተክሉ ላይ ቆመዋል።

ጋሽ ግምገማ ደስ አላቸው፤ ወዲያው ደግሞ ቅር አላቸው። ጎንበስ ብለው ቁጥር ሰባትን ቢፈልጉ፣ ሰባት ከስምንት ተጠላልፎ የማይለይ ሆኗል።  ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዕቅዱ ሠራ» አሉ።

ጎረቤቱ ሊያይ መጣ፤ ጭቃ የማያስቸግረው የለማ። እሳቸውም ቀጥ ብለው ቆመው፣ ድሉ የጠንካራ አመራር ውጤት መሆኑን አብራሩ።

ከግቢያቸው ቀጥሎ ያለው አናጢ ወደ ባለቤታቸው ዞረ። «እትዬ፣ ለውጡ የጀመረው መቼ ነው?»

«በሄደ በሳምንቱ።»

አናጢው አገጩን አሻሸ። «እንግዲያው የሰፈሩን ጓሮ ሁሉ የሚያስተክል ኮሚቴ ይቋቋም። ሊቀመንበርነቱ ከጋሼ አይወጣም። ግን ከልጃቸው ከተማ ሆነው፣ በስልክ ይምሩን።»

እጅ ያላወጣ፣ አውጥቶም ያላጨበጨበ አልነበረም፤ ባለቤታቸው ሁለቱንም አወጡ። ጋሽ ግምገማ ዓይናቸው እንባ ሞላ። በሠላሳ አንድ ዓመት የሥራ ዘመናቸው ሰው ሁሉ እንዲህ በአንድ ድምፅ ያጨበጨበላቸው አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ እሱም የሽኝታቸው ዕለት።