የኩታበር ጎመን በኮምቦልቻ

ጎመን ፊት ሲቆም አዋቂ የማይመስል ሰው የለም። መምህሩም፣ ነጋዴውም ደሴ ጎመን ተራ ሲደርስ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ያሸታል፣ ይመልሳል። ምን እንዳየ ብትጠይቁት ግን... እናንተም ታደርጉታላችሁ፤ አይቻችኋለሁ።

እኔም ባለፈው ቅዳሜ እንዲያው ቆሜ ነበር። የእኔ ጉዳይ ግን ከባድ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራውን ረሂማን ሊሰጡኝ ወይም ሊከለክሉኝ እናቷ በማግስቱ ከሐርቡ ይመጣሉ። ረሂማ ደግሞ ለእናቷ "ጎመን ሲሠራ ብታዪው" ብላ ጉራ ነዝታልኛለች። እኔ በሕይወቴ ከእንቁላል ያለፈ ነገር ጠብሼ አላውቅም።

ስለዚህ ምርጡን ፍለጋ ደሴ ወጣሁ። ከኩታበር ጎመን ይዘው የመጡ ጠና ያሉ ሴትዮ አገኘሁ።

"እማማ፣ ጥሩው የቱ ነው?"

"ትል የነካካው ነዋ ልጄ። ትል ሞኝ አይደለም፤ መድኃኒት የተረጨበትን አይቀምስም።"

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ። አንድ ቀዳዳ ያለውን ትቼ አምስት ያለውን፣ አምስት ያለውን ትቼ ወንፊት የመሰለውን ለቀምኩ። ሴትዮዋ የለቀምኩትን አዩና "ወላሂ፣ ለበግ የለየሁትን ነው የወሰድከው። ግድ የለም፣ ዛሬውኑ እጠበው" አሉኝ። ማጠቡን ለነገ አቆየሁት።

ሚኒባስ ውስጥ እንደ ጨቅላ ታቅፌው ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ከጉልበታቸው ላይ አንድ አረንጓዴ ትል አንስተው "ያንተ ነው?" አሉኝ። አመስግኜ ወደ ጎመኑ መለስኩት።

ቤት ስደርስ፣ ፌስታል ውስጥ የታፈነ ጎመን ይበሰብሳል ሲባል ሰምቼ ነበርና፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ሳፋ ውስጥ አስተኛሁት። እነዚያ በደጋ ብርድ ተኮራምተው የከረሙ ትሎች የኮምቦልቻን ሙቀት ሲያገኙ... ምን ልበላችሁ። ጠዋት ጨርቁን ብገልጠው ከጎመኑ የቀረው አገዳው ብቻ ነው። ትሎቹ ጣት አክለው ተጋድመዋል።

ሌላ ለመግዛት ጊዜ አልነበረም። አገዳውን ከትፌ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ጠብሼ አቀረብኩ። የረሂማ እናት እማማ ዘይነባ ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። አገዳው ጥርሳቸው ሥር ቀጭ ቀጭ ይላል።

"ለመሆኑ የዚህ ጎመን ቅጠሉስ?"

ረሂማ በክርኗ ጎሰመችኝ። ውሸት ብፈልግ፣ ብፈልግ አልመጣልኝም።

"ትል በላው፣ እማማ።"

"ማሳ ላይ?"

"እዚሁ። አብረውኝ አድረው።"

ሳፋውን አዩት። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሲያደርጉ ረሂማን ያጣኋት መሰለኝ፤ ለካ ሳቃቸውን አፍነው ነው።

"አብሽር ልጄ" አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ። "ቤትህ የገባ ጦሙን እንደማያድር በዓይኔ አየሁ። ሰጥቼሃለሁ።"

ከዚያ ወደ ረሂማ ዞሩ። "አንቺ ግን፣ ከትሎቹ ቀጥሎ ተራሽ እስኪደርስ ዳቦ እየገዛሽ ብይ።"